እንሶስላው ሳይለቅ

ታኅሣሥ 12፣ ጠዋት

ውርጩ ጣት ይቆርጣል። ጠመኔ መያዝ አቃተኝ፣ በጓንት ጻፍኩ፣ ተማሪዎቹ ሳቁ። ይሳቁ። የዛሬው ርዕስ ክላሲካል ኮንዲሽኒንግ። ውሻው፣ ደወሉ፣ ምራቁ፤ ከምግብ ጋር የለመደው ደወል ብቻውን ምራቁን ያመጣዋል። አንደኛ ዓመቶች ውሻው ላይ ስንደርስ ሁሌም ይነቃሉ፤ እስከዚያ ግማሾቹ ተኝተዋል። ከአካባቢያችሁ ምሳሌ አምጡ አልኳቸው። ዝም። እኔው አመጣሁ። አንዲት እናት አለች፤ ልጇ ሳዑዲ እገባለሁ ብሎ በጅቡቲ በኩል ከወጣ ወዲህ የደሴው ሚኒባስ ጥሩምባ በሰማች ቁጥር የያዘችው ዕቃ ከእጇ ይወድቃል። ጥሩምባው በራሱ ምንም አይደለም። ልጁን ይዞት የሄደው ግን ያ መኪና ነው። ጻፉ አልኩ። በሚያምር የእጅ ጽሑፍ ጻፉ።

እናቲቱ የኔ እናት መሆኗን አልነገርኳቸውም። ልጁ አስማረ ነው፣ ታናሼ። ክረምቱን አልደወለም። መስከረምንም፣ ጥቅምትንም። እማ ስልኳን ኔትወርክ ትንሽ በሚነካካት መስኮት ላይ፣ ጣሳ ውስጥ አቁማ ትውላለች። ጣሳው ድምፁን ያጎላዋል ባይ ናት።

ደብተሬ፣ በእናት ማስተማር ነውር ነው? ቢሆንም ምሳሌው ጥሩ ነበር።


ታኅሣሥ 17፣ ከሰዓት

ጽሑፌ ካልተነበበ ይቅር።

ጋሽ ተፈራ ከከላላ መጣ። የእማ ወንድም። (ፊት ለፊት እርስዎ ነው የምለው፤ እዚህ ግን እሱ እለዋለሁ፤ እዚህ የራሴ ቤት ነው።) ቤት አልገባም። የዩኒቨርሲቲው በር ላይ አስጠራኝ። ገና ሳየው ክፉ ነገር እንዳለ አወቅሁ፤ ሰው እህቱ ቤት ሳይገባ የእህቱን ልጅ ሥራ ቦታዋ ድረስ ሄዶ የሚያስጠራው ለደግ አይደለም።

አስማረ ሞቷል። ባሕሩን ተሻግሮ ነበር። ከባሕሩ ወዲያ፣ በረሃው ላይ፣ በውኃ ጥም። አብሮት የወጣው እንድሪስ፣ የጎረቤታችን የእት ዘሃራ ልጅ፣ አሸዋውን በእጁ ቆፍሮ ቀበረው። ከየመን ለእናቱ ደወለ። እት ዘሃራ ወጉን ታውቃለች፤ ለኛ አልነገረችም፣ ለጋ/ተፈራ ላከችበት።

ጆሮዬ ጭው አለ። እሱ ማውራቱን አላቆመም። የልጁ የሂሩት ሰርግ ጥር መጨረሻ ነው። ጌሾው ተወቅጧል፣ ሰንጋው ታስሯል፣ የወንዱ ወገን ተጠርቷል። መርዶው አሁን ከተነገረ ሰርጉ ፈረሰ ማለት ነው፤ አክስቷ ጥቁር ለብሳ ሙሽራ አትወጣም። ደግሞም መርዶ ልጅ ለእናቷ አትነግርም። ሽማግሌ ተሰብስቦ፣ በማለዳ፣ ግራ ቀኝ ይዟት ነው። ከሰርጉ በኋላ ይሆናል። እስከዚያ ሆድሽ ይፍጀው አለኝ። ከዚያ አቅፎኝ አለቀሰ። ክፉ ሰው አይደለም። ክፉ ቢሆን ይቀለኝ ነበር።

ራሴን ነቀነቅሁ። ይኸው ነው ያደረግሁት። ወንድሜ ሞተ ሲሉኝ ራሴን ነቀነቅሁ።


ታኅሣሥ 18

ሁለተኛው ሴክሽን። ያንኑ ትምህርት። ውሻው፣ ደወሉ። ምሳሌ አምጡ። ዝም። የእናቲቱን ምሳሌ ተውኩት። ውሻው ይበቃቸዋል።

እማ ዓይንሽ ለምን ቀላ አለችኝ። ጉንፋን አልኳት። ፌጦ በጠበጠችልኝ። ቆማ አስጠጣችኝ።


ታኅሣሥ 26፣ ከሰዓት

እት ዘሃራ በራችንን ሸሽታለች። እማ ቅር ብሏታል፤ ምን አስቀይሜያት ይሆን እያለች ታብሰለስላለች። ዛሬ በአጥሩ ላይ ጠራቻት። እንድሪስ ደወለልሽ ወይ? አልሐምዱሊላህ፣ ደህና ነው አለች። የኔስ ልጅ? እት ዘሃራ ሻርፗን አፏ ላይ አደረገች። አላህ ያውቃል፣ አብሽሪ እህቴ አለቻት።

ውሸት አልወጣትም። ለዚህ ወደድኳት፣ ለዚሁ ደግሞ ጠላኋት። አላህ ያውቃል። እኔም አውቃለሁ። ከላላ በሙሉ ያውቃል። የማታውቀው የወለደችው ብቻ ናት።


ጥር 2

እማ ሰርግ አልሄድም አለች። ልጄ ያለበትን ሳላውቅ እልል አልልም፣ አራት ነጥብ። ሰርግ ያለ እሷ አይደምቅም፤ በዘመድ ሰርግ ሁሉ አውጪዋ፣ አቀንቃኟ እሷ ናት።

በውስጤ ደስ አለኝ። አሁን ወንድሟ ጨንቆት ይነግራታል አልኩ። ለጋ/ተፈራ ደወልኩ። እማ አልመጣም ብላለች፣ ይንገሯት፣ በቃ ይውጣልን አልኩት። እኔ አስተካክለዋለሁ አለኝ።


ጥር 5

አስተካከለው።

ለእማ ደወለ። ከሳዑዲ የተመለሰ ሰው አግኝቻለሁ፤ አስማረ ጂዳ ገብቷል፣ ሥራ ይዟል፣ ስልክ ስለሌለው ነው፣ ሰላም በሉልኝ ብሏል። እማ ስልኩን ሳትዘጋው ተንበርክካ መሬት ሳመች። ከዚያ ወደ አጥሩ ሮጣ ለእት ዘሃራ ነገረቻት። እት ዘሃራ ከአጥሩ ወዲያ ምን እንዳለች አልሰማሁም። እማ ግን ስትመለስ፣ ጎረቤቴ በደስታ አለቀሰችልኝ ብላ ፊቷ በርቷል።

ይህን ፊት ካየሁት ስንት ጊዜዬ። ቆሽቴ አረረ፤ ደግሞ ዓይኔን ልነቅል አልቻልኩም። በሐሰትም ቢሆን ደስ ያለው ፊት ደስ ይላል። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይላሉ። እኛ ቤት እያደር ነው የሚደፈርሰው።


ጥር 8፣ ከክፍል እንደወጣሁ

ርዕስ፦ ማጠናከሪያ። አይጧ ሳጥን ውስጥ ናት፣ ዘንጉን ስትጫን ጥሬ ይወድቅላታል። ጥሬው ሲቋረጥ መጫኑን ቀስ በቀስ ትተዋለች። ይህ መክሰም ይባላል።

ከወግዲ የመጣች አንዲት ልጅ አለች፣ ፊት ወንበር የምትቀመጥ፣ ዝምተኛ። እጇን አወጣች። ጥሬው እንዳለቀ ለአይጧ የሚነግራት የለም ወይ አለች። ክፍሉ ሳቀ። የለም አልኩ። በራሷ ነው የምትደርስበት። በረሃብ። አንዳንዴ ብቻ፣ ባልታሰበ ሰዓት፣ አንዲት ጥሬ ጣል ቢያደርጉላትስ? አለችኝ። እንግዲያማ ተስፋዋ አይከስምም አልኩ። ሁልጊዜ ከምታገኘዋ ይልቅ አልፎ አልፎ የምታገኘዋ ነች የማትተወው። ስትጫን ትኖራለች።

ሁሉም ጻፈው። ፈተና ላይ ይመጣል ወይ አሉኝ። ይመጣል አልኩ።

መጸዳጃ ቤት ገብቼ ውኃውን ከፍቼ አለቀስኩ። ውኃ አልነበረም። ቧንቧው ብቻ ጮኸ። ያም ይሸፍናል።


ጥር 15

ጥምቀት አለፈ። እኔም አለፍኩ። ከእንግዲህ የነሱ ወገን ነኝ።

እማ ዛሬ አስቀመጠችኝ። እጄን ያዘች። ተፈራ ደም ግፊቴን እየፈራ ነገር ይደብቀኛል አለች፤ አንቺ ግን ዋሽተሽኝ አታውቂም፤ የሰው ልቡና ነው የተማርሽው፣ ውሸት አይሆንልሽም። ልጄ በእውነት ሰላም ብሏል?

ደብተሬ፣ አፌ ተከፍቶ ነበር። እግዜር ምስክሬ ነው፣ እውነቱ ምላሴ ጫፍ ላይ ነበር። ዓይኗን አየሁት። ከዚያ፣ አዎ እማ፣ እኔም አናግሬዋለሁ አልኩ። በአንድ ሰው ስልክ። ኔትወርኩ ይቆራረጥ ነበር። ምን አለ? አለችኝ። የሂሩት ሰርግ ቀረብኝ፣ እማ በኔ ፈንታ ትጨፍርልኝ ብሏል አልኩ።

ከየት አመጣሁት? ማንም አላስጠናኝም። ጋ/ተፈራ እንኳ ይህን ያህል አልፈጠረም። በኔ ፈንታ ትጨፍርልኝ። የሞተ ልጅ አፍ ውስጥ ቃል ከተትኩ። እንዴት ያለ የሚያምር ውሸት! በመጽሐፉ ቋንቋ፣ አንዲት ትልቅ ጥሬ።

አቅፋኝ አለቀሰች። ይህን ልጄ ነው ያለኝ፣ ይህ የሱ አነጋገር ነው አለች። እውነቷን ነው። የሱ አነጋገር ነው።


ጥር 23፣ ወደ ማታ

እማ እንሶስላ ልትሞቅ ነው። አባዬ ከሞተ ወዲህ እጇ ላይ ቀለም አርፎ አያውቅም። ስሩን እት ዘሃራ ናት ቆፍራ ያመጣችው፤ እማ ጠየቀቻት፣ እምቢ የምትልበት ምክንያት አልነበራትም። እንድሪስና አስማረ ሳይወለዱ ጀምሮ ለበዓልም ለኢድም አንዷ ለአንዷ ትቀባ ነበር።

እት ዘሃራ ስሩን ወቀጠች። የእማን እጅ ጭኗ ላይ አድርጋ ጣት በጣት ለጠፈችላት፣ በጨርቅ ጠቀለለች። ከዚያ እግሯን። እማ ታወራለች፤ አስማረ ሲመጣ የሚያገባት ከየትኛው ቤት እንደምትሆን። እት ዘሃራ ቋጠሮውን ፈትታ እንደገና አጠበቀች። ስትወጣ በሩ ላይ ያዘችኝ። ወላሂ ይህን ኃጢአት አንድ ላይ ነው የምንጠየቀው አለችኝ። አልተቆጣችም። እንዲያው ነገረችኝ።


ጥር 26፣ ከላላ

ሰርጉ ሆነ።

ምን ልበልሽ። እማ ጨፈረች። ዳሱ መሐል፣ ቀይ እጇን ወደ ላይ አድርጋ። ትከሻዋ እንደ ልጅ ትከሻ። እልልታዋን ያላወቀ የለም። የልጄ ድርሻ ነው፣ የአስማረ ድርሻ ነው እያለች ትወርዳለች። ሰዉ ክብ ሠርቶ ያጨበጭባል። ፊታቸውን አየሁ፣ አንድ በአንድ። ያውቃሉ። ከበሮ መቺው ያውቃል። ጠላ ቀጂዎቹ ያውቃሉ። ሂሩት፣ ሙሽራዋ፣ ቬሏን ፊቷ ላይ ጥላ ታለቅሳለች፤ የሙሽራ ለቅሶ ወግ ስለሆነ ማንም አልጠየቃት። ጋ/ተፈራ ጀርባውን ሰጥቶ ሥጋ የሚቆርጡትን ይቆጣል።

ቡድን ውስጥ ሰው ሁሉ የሚሆነውን ቢያውቅም ማንም ብቻውን ተነስቶ አይሆንም አይልም። ይህን አስተምራለሁ። ምዕራፉ መጨረሻ ላይ ጥያቄም አለው። እኔም አጨበጨብኩ። እማ ጎትታ አስገባችኝ፣ ፊት ለፊቷ ቆሜ ጨፈርኩ።


የካቲት 1

ሙሽሮቹ መልስ ተጠሩ፣ በሉ፣ ሄዱ። ለጋ/ተፈራ ደወልኩ። ትንሽ ጠብቂ አለኝ፤ አሁን ከነገርናት ደስታዋን ነጠቅናት ይሆናል። ስንት ደስታ ቀራት? አልኩት። ድምፄ ጮኸ። በዚህ ሳምንት ይሆናል አለ።

እማ ከሰርጉ ወዲህ ሌላ ሰው ናት። ወደ መናኸሪያው ሄዳ የደሴውን መኪና ትቀበላለች። አይመጣም እኮ፣ ጂዳ ነው ሲሏት፣ መቀበል መልመድ አለብኝ ትላለች።


የካቲት 5፣ ማለዳ

መጡ። ገና ጎህ ሲቀድ። ጋ/ተፈራ፣ የንስሐ አባታችን፣ የሠፈር ሽማግሌዎች፣ ሸህ ሰይድም አሉ። ሴቶቹ ከጓሮ ተደበቁ። እንደ ወጉ። ሁለቱ ግራ ቀኝ ሆነው ቆሙ። የሺመቤት፣ ልጅሽ አስማረ አርፏል አሏት። ጓሮ ያሉት ለመጮህ ትንፋሻቸውን ይዘዋል።

እማ አልጮኸችም። አልወደቀችም። አንድ በአንድ አየቻቸው። ከዚያ ፈገግ አለች። ፈገግ! ተሳስታችኋል አለች፤ የማን ቤት መርዶ ነው ይዛችሁ የመጣችሁት? የኔ ልጅ ጂዳ ነው። ተፈራ አንተው አይደለህም የነገርከኝ? ያኔ ዋሽቼሽ ነው አለ፣ መሬት እያየ። ያኔ ዋሽተህ ይሆናል አለች፤ ትርንጎ ግን በአፏ አናግራዋለች። ትርንጎ አትዋሽም።

ሁሉም ወደ እኔ ዞረ። የሰርጉ ሰው ሁሉ፣ ያው ሰው፣ ያንኑ ክብ ሠርቶ።

አልተናገርኩም። ምድር ተከፍታ ብትውጠኝ። እንባ እንኳ አልመጣም። እማ ዝምታዬን ለራሷ ተረጎመችው። አያችሁ አለቻቸው። ግቡ፣ በብርድ አትቁሙ፣ ትንሽ ነገር ቅመሱ አለች።

ተመለሱ። መርዶ ይዞ መጥቶ መርዶውን ይዞ የተመለሰ ሽማግሌ ሰምቼ አላውቅም። ድንኳን አልተተከለም። ጓሮ የተደበቁት ሴቶች ነጠላቸውን እያስተካከሉ አንድ አንድ እያሉ ወጡ። ስልኩ አሁንም ጣሳው ውስጥ ነው።


የካቲት 6

ሰዉ መንገድ እየቀየረ ያልፈናል። ለቅሶ ያልተለቀሰበት ለቅሶ ቤት ምን ተብሎ ሰላም ይባላል? እግዜር ያጽናሽ እንዳይሏት አልተቀበለችም። እንደምን አደርሽ እንዳይሏት ያውቃሉ።

ጋ/ተፈራ ደወለ። አሁን ካንቺ በቀር የሚያስረዳት የለም አለ። ልጅ ለእናቷ አትነግርም ያሉኝ እርስዎ አይደሉም ወይ አልኩት። አለቀሰ። እኔም አለቀስኩ። ምንም የሚረባ ነገር አልተባባልንም።

ክፍል ገባሁ። ዛሬ ራስን የመከላከያ ዘዴዎች። የመጀመሪያው ክህደት፤ ሰው መሸከም የማይችለውን እውነት አልሆነም ብሎ መግፋቱ። የወግዲዋ ልጅ ጻፈች። ሌሎቹ ጻፉ። እኔ ግን እማ ላይ ይህን ስም መለጠፍ አልቻልኩም። እማ አልካደችም። እማ እኔን፣ ልጇን፣ አመነች። ለሷ የሚሆን ስም መጽሐፉ ውስጥ የለም፤ ለኔ የሚሆን ይኖራል፣ ምዕራፉን አልፈለግሁትም።


የካቲት 8፣ ከሰዓት

ከመናኸሪያው ተመለሰች። የዛሬውም መኪና ባዶ ነበር አለችኝ። ባዶ አልነበረም፣ ሰው ሞልቶት ነበር።

እንዲህ ትኖራለች፣ ደብተሬ። አሥር ዓመት እንዲህ ልትኖር ትችላለች። እኔ ነኝ ዘንጉ ላይ ያስቀመጥኳት። ብነግራት ትገድለኛለች፣ ወይ ትሞትብኛለች፤ ባልነግራት ጥሩምባ በተነፋ ቁጥር ትሞታለች። ደህና የሚሆን መንገድ ፈለግሁ። የለም። ኖሮም ከሆነ ታኅሣሥ ላይ አልፎናል።

ነገ እነግራታለሁ። ያለ ሽማግሌ፣ ያለ ወግ። ወሰንኩ።


የካቲት 9፣ ጠዋት

ነገርኳት።

ደጃፉ ላይ ተቀምጣ ስንዴ ትለቅም ነበር። አጠገቧ ተቀመጥኩ። እማ፣ አስማረን አላናገርኩትም አልኩ። ሽማግሌዎቹ እውነታቸውን ነው። እኔ ነኝ የዋሸሁሽ። ጨርሼ ነገርኳት፤ በረሃውን፣ ጥሙን፣ እንድሪስ በእጁ የቆፈረውን።

መቼ? አለችኝ። ከገና በፊት አልኩ። ከሰርጉ በፊት? አዎ።

ጩኸት ጠበቅሁ። ቁጭ ብላ እጆቿን አየች፣ መዳፏን፣ ከዚያ ጀርባውን። እንሶስላው እንደ ቀላ ነው። ጥፍሯ ላይማ ዛሬ የተሞቀ ይመስላል። ተነሳች። ከምድጃው አመድ ዘገነች፣ ውኃ አስቀዳችኝ፣ ታሽ ጀመር። አልለቅ አለ። አሸዋ ጨመረችበት። እማ ተይ፣ ቆዳሽ ተላጠ አልኳት። አልሰማችኝም። ያኔ እት ዘሃራ በአጥሩ ቀዳዳ ሾልካ ገባች፤ ማን እንደነገራት አላውቅም። መሬቱ ላይ አጠገቧ ተቀመጠች፤ ተይ አላለቻትም። አንደኛውን እጇን ተቀብላ አብራት ታሽ ጀመር።

አሁን ድንኳን እየተተከለ ነው። ካስማው ሲመታ ይሰማኛል። ጓዳ ገብቼ ነው የምጽፍልሽ፣ ሰው ሳይሞላ። እማ እስካሁን አላለቀሰችም። አንድ ነገር ብቻ ነው የጠየቀችኝ፣ ቀና ሳትል፣ እጇን እያሸች።

«ጨፍሪልኝ ያለኝስ ማነው?»

ትቻት ወደ ጓዳ ሸሸሁ። ይኸው ደግማ እየጠራችኝ ነው። ድምፅዋ አልጮኸም፣ እንደ ወትሮዋ ነው፣ ትርንጎ፣ ነይ እስኪ ትላለች። መልሱን አንቺ፣ ደብተሬ፣ ታውቂዋለሽ፣ ጥር 15 ላይ አለ። የጠየቀችው ግን እኔን ነው። እሺ እማ፣ መጣሁ። ምን ብዬ ነው…